ሊንግ ካቡ ላይ

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ለመጮኹ እሺ። ለመሮጥ ግን ሆድ ብቻውን አይበቃም፤ ይበቃል የሚል ሰው እዚህ ሰሜን እንግሊዝ፣ ከምብሪያ መጥቶ የኛን ውሾች ይይ።

በኛ የውሻ ሩጫ ጨዋታ ሁለት ሰዎች በላምባና እንስላል እንስላል በሚል ዘይት የተነከረ ጆንያ እየጎተቱ ተራራውን ይዞራሉ። ውሾቹ ያንን ሽታ ተከትለው ይለቀቃሉ፤ ገደል የለ፣ ረግረግ የለ፣ ሲጋልቡ ቆይተው የመጨረሻውን የድንጋይ ካብ ዘለው ሜዳው ላይ ሲደርሱ እግራቸው ዝሏል። ከዚያ ወዲያ የሚያስሮጣቸው ሽታው ሳይሆን የኛ ጩኸት ነው። ሁላችንም የውሾቻችንን የምግብ ሳህን ይዘን ከመጨረሻው መስመር ወዲህ እንደረደራለን፤ እያንዳንዳችን የራሳችን አጠራር አለን። የኔ «ሆይ ሆይ ሆይ» ነው። ነፍሱን ይማረውና ባሌ «ሰው የሞተብሽ ትመስያለሽ» ይለኝ ነበር።

ቶት ሬልፍን የሚያህል ጠሪ ግን አልነበረንም። ጎረቤቴ ነው፤ ከወጣትነታችን ጀምሮ አንዴ የሱ ውሻ አንዴ የኔ እየቀደመች ስንናከስ ኖረናል። «ሊ-ን-ግ! ነይ በይ፣ ነይ!» ሲል ማዶ የሚግጡት በጎች ሳይቀሩ ቀና ይሉ ነበር። ውሻውን ሊንግን ከቡችላነቷ ያሳደጋት በዚያ ድምፅ ነው። እርግጥ እኛ ዘንድ ለሰው ሁሉ ጥሪ ጆሮዋን የምትሰጥ ውሻ አትወደድም፤ ሜዳ ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲጮኽ ትዘናጋለች። ቶት ግን አበዛው። ሚስቱ አይሪስ ጠርታት ከመጣች፣ ምግብ የለም። እኔ ጠርቻት ከመጣች፣ ምግብ የለም።

«አንድ ቀን ጉንፋን ይይዝህና ጉድህን አያለሁ» አለችው አይሪስ፣ እኔው ባለሁበት።

«የኔ ድምፅ እናቴን ስቀብር እንኳ አልተዘጋም» አላት። «ንግሥቲቱ መጥታ ብትጠራት ዞር እንዳትል ነው የምፈልገው።»

«ንግሥቲቱማ ሥራ አላት። የዚችን ጭቃ እግር የማጥበው እኔ ነኝ።»

የያዘው ጉንፋን አልነበረም። በብርዱ ወራት ከተማ ወስደው ጉሮሮውን ከፈቱትና ካንሰሩን ከነድምፁ አወጡለት። አሁን አንገቱ ላይ በቀረችው ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ ሲያወራ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሩ ብቻ ነው። አይሪስ ከንፈሩን እያነበበች ትተረጉምልናለች። መቼም ያለ ምርቃት አትተረጉምም።

«የዘንድሮ ውሻሽ ታምራለች ይላል» አለችኝ አንድ ቀን።

ቶት ራሱን በኃይል ነቀነቀና ከንፈሩን ደገመው።

«እሺ፣ እሺ! ውሻሽ ፍየል ትመስላለች ይላል። አሁን ደስ አለህ?»

ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ምንም አይሰማም። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን አለቀስሁ።

ሊንግ አርጅታለች፤ ይህ የመጨረሻ የውድድር ዓመቷ ነበር። በጸደዩ ሁለት ሩጫዎች ላይ ከፊተኞቹ ጋር መጥታ የመጨረሻው ካብ ላይ ወጣችና ቆመች። ደክሟት አይደለም። ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች። ካብ ላይ መቆም ደግሞ መጥፎ ልማድ ነው፤ ሦስተኛ ከቆመች በቃ፣ ከእንግዲህ ውሻዋ እንደማትሮጥ ሁላችንም እናውቃለን። ቶትም ያውቃል።

ያልሞከረው ነገር የለም። አፉ ትንፋሽ ስለሌለው ማፏጨት አልቻለም። ነጭ ፎጣ አውለበለበ። የምትወደውን ጉበት በእንቁላል ለወሰላት። ሳህኑን በማንኪያ እየደበደበ ጓሮው ውስጥ ሲያለማምዳት እንደ ጥይት እየተወረወረች መጣችለት፤ አይሪስ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ስልክ ደወለችልኝ። «መጣች እኮ! ወደ ሳህኑ መጣች!» እኔ ክፉ ነኝ፣ ያሰብኩትን የምናገር ሰው ነኝ። ጓሮ ውስጥ ግን ሌላ የሚጮኽ ሰው እንደሌለ ልነግራት አንደበቴ እንቢ አለኝ።

ዋንጫ አምሮት እንዳይመስላችሁ። ዋንጫማ ቤቱ ሞልቶ አይሪስ ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች። እሱ የፈለገው ይህን ድምፅ የሌለውን ሰውዬ ጌታዬ ነው ብላ አንዴ ብቻ መስመሩን እንድታልፍለት ነበር።

የነሐሴው ውድድር ቀን ውሾቹ ተለቀው ተራራው ጀርባ ከገቡ በኋላ ጠጋ አልኩት።

«ቶት፣ ዛሬ እኔ ዝም ብልስ?»

ፊቱ ጠቆረ። ከንፈሩን ለረጅም ጊዜ አንቀሳቀሰ።

«ይቺን እንኳ ምንም ሳልጨምር ነው የምነግርሽ» አለች አይሪስ። «አንቺ ጩኸታም፣ ዝም ካልሽ ዕድሜ ልኬን አላናግርሽም ይላል።»



ከዚያ አንዱ «ታዩ! ታዩ!» አለ። ከተራራው ትከሻ ላይ ነጭ ነጠብጣቦች ወረዱ። የሩቅ ማያ መነጽሬን አነሣሁ። ፊተኛዋ ሊንግ ነበረች፤ በጣም ቀድማለች፣ እንደ ልጅነቷ ትሮጣለች። የኔዋ ፔግ ሁለተኛ ናት። ቶት ሳህኑን መደብደብ ጀመረ። ሊንግ ሜዳው ጫፍ ደረሰች፣ ካቡ ላይ ዘላ ወጣች።

ቆመች።

ያን ጊዜ ሜዳው በጩኸት ተናጠ። ያ ሁሉ ሰው ያፏጫል፣ ያንባርቃል፣ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። የቶት ማንኪያ ከዚያ ውስጥ ከየት ይሰማ? ፎጣውን አውለበለበ፤ ሰው ሁሉ ፎጣ ያውለበልባል። ሊንግ ጭንቅላቷን ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች፣ ከሁላችንም መሃል አንዱን እየፈለገች። አይሪስ መታገሥ አልቻለችም። «ሊንግ! ነይ የኔ ልጅ! ነይ እናቴ!» እያለች ጮኸች። ውሻዋ ዞር ብላ አላየቻትም። ቶት እንዳስተማራት።

እኔም ጠራሁ። ጉሮሮዬ እስኪነድ «ሆይ ሆይ ሆይ» አልኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ? ፔግ ካቡን በሊንግ ጎን ዘላ መጥታ መስመሩን አንደኛ አለፈች። ሰው እንኳን ደስ ያለሽ እያለ ጀርባዬን ይመታል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ማሸነፍ አስጠልቶኝ አያውቅም።

ሌሎቹም ውሾች ተራ በተራ እያለፏት ገቡ። ያኔ ቶት ፎጣውን ጣለና ሳህኑን ይዞ መስመሩን አለፈ። ባለቤቱ መስመር ያለፈበት ውሻ ከውድድር ይወጣል፤ ይህን ደንብ ከማናችንም በላይ የሚያጠብቀው እሱ ራሱ ነበር።

«ሚስተር ሬልፍ፣ መስመሩን አልፈዋል» አለ ዳኛው። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ እሱም መናገሩ ከብዶታል።

ቶት ሳይዞር ሽቅብ ሄደ። ጩኸቱ እየቀዘቀዘ መጥቶ ጨርሶ ጠፋ። ሊንግ ሲጠጋት ጭራዋን ቆላች፤ ከካቡ ወረደች፣ ከሳህኑ በላች፣ እጁን ላሰችለት። ታውቀዋለች፣ እንዴት አታውቀው! ተንበርክኮ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በመነጽሬ አየሁ። ስሟን ነበር የሚጠራው። የዚያን ቀን አይሪስ እንድትተረጉምልኝ አላስፈለገኝም።

ሊንግ ጭንቅላቷን ከእጁ አላቀቀች። በትከሻው ላይ አሻግራ ወደኛ፣ ወደ መስመሩ አየችና ጆሮዋን አቆመች። ቶት እስኪጠራት ትጠብቅ ነበር።