ጣሳዬ

ልጄ ኖማሊዞ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ሐኪም ልትሆን ነበር። ለእረፍት ወደ ኒው ብራይተን፣ ጥቁሮች ብቻ ወደምንኖርበት ሰፈራችን ስትመጣ ግን ስብሰባ ይዛልኝ መጣች። ስድስት ጓደኞቿ ጠባቧን ሳሎኔን ሞልተው፣ «ነጩን መጀመሪያ ከጭንቅላታችን እናስወጣው» ይባባላሉ።

ወይ ጉድ አልኩ በሆዴ። ሃያ ዓመት ሙሉ የነጭ ቤት ሳጥብ ወገቤ ነው የተቆረጠው፤ ጭንቅላቴን የነካው የለም!

ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነውና ሻይ አፈላሁ። ለሁሉም ባለ አበባውን ስኒ ሰጠሁና እኔ በጣሳዬ ቀድቼ በሩ ጋ ቆምኩ።

ኖማሊዞ አየችኝ። «እማዬ፣ ነይ ተቀመጪ እንጂ። ስኒም ተርፏል እኮ።»

«ተይኝ ባክሽ፣ እኔ በዚህ ለምጃለሁ።»

«የት ነው የለመድሽው?»

የት እንደሆነማ ታውቃለች። ነጯ እመቤቴ ቤት የኔ ጣሳ የሚቀመጠው ለብቻው፣ ከውሻው ሳህን ጎን መሬት ላይ ነው። ከነሱ ስኒ ጋር አይነካካም። ለካ እዚህም ከስኒዎቼ ለይቼ መሬት ላይ ነው የማስቀምጠው።

«ይሄንንስ እሷ ናት የሰጠችሽ?»

«ምን በወጣት! ገበያ ወርጄ ራሴ ገዛሁት።»

ጓደኞቿ አቀርቅረው ስኒያቸውን ያያሉ። እሷ ግን አለቀቀችኝም።

«ታዲያ እዚህ ቤት በጣሳ ጠጪ ያለሽ ማነው?»

«እመቤቴ ናታ!» ብዬ ልጮህባት አፌን ከፈትኩ።

ሴትዮዋ ግን አንድም ቀን ደጄን ረግጣ አታውቅም።