ከይፋግ ያልወጣው ድምፅ

እየሩስ ዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከትውልድ ቀዬዋ ከይፋግ የድምፅ መልእክት ይልኩላት ነበር። ፊደል አልቆጠሩም፤ በስልክ ማውራት ግን ማን ይችላቸው! ላሟ መውለዷን፣ ጤፉ ማሸቱን፣ የጎረቤት ልጅ መዳሯን፣ ሁሉን በድምፃቸው ያደርሱላታል።

አንድ ክረምት በይፋግ በኩል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በዚያው ክረምት እናቷ ታመው አረፉ። እየሩስ ለቀብር አልደረሰችም። ኋላ ወደ አገሯ ስትመለስ ደግሞ ስልኳ መንገድ ላይ ጠፋ።

«የእማዬ ድምፅ መልእክቱ ሁሉ በሚቀመጥበት በኩባንያው ሰርቨር ላይ አለ» እያለች ተጽናናች። ኢንተርኔቱ ሲመለስ አዲስ ስልክ ገዝታ መልእክቶቹን ልትከፍት ሞከረች። የማረጋገጫው ቁጥር የሚላከው ወደ ድሮው የዓረብ አገር ስልክ ቁጥሯ ነበር፤ እሱም ተዘግቷል። የእናቷ ድምፅ በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ሰው ቤት ተቆልፎበት የቀረ መሰላት። ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

አባቷ አቶ ዋልልኝ አጠገቧ ቁጭ አሉ። «የእናትሽስ ስልክ?»

«አለ እንዴ? ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት?»

«በነጠላዋ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ። አይነሣም፤ ሞቷል ብዬ ነው ዝም ያልኩ።»

በማግሥቱ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ወጡ። ስልክ ጠጋኙ ፈንታሁን ያበጠውን ባትሪ አውጥቶ በሌላ ተካው። ስልኩ በራ። እየሩስ የምታውቃቸው መልእክቶች በየተራ ተደርድረዋል። ከእነሱ በታች ግን ሰምታቸው የማታውቅ ሌሎች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ጎን ትንሽ የሰዓት ምልክት ይታያል።

«እነዚህ አልተላኩም» አለ ፈንታሁን። «ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ የተቀዱ ናቸው። ሰርቨሩ አያውቃቸውም። በዓለም ላይ ያሉት እዚህች ስልክ ውስጥ ብቻ ነው።»

እየሩስ አንዱን ነካች።

«እየሩሴ፣ አይደርሳትም ይሉኛል። ይሁን፣ እኔ እነግርሻለሁ፤ አንድ ቀን መድረሱ አይቀርም። ዝናቡ ዘግይቶብን ነበር፤ ይኸው ዛሬ መጣ። ስሚው!»

ከዚያ ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ ሱቁን ሞላው። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው። አቶ ዋልልኝ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። «ስብሐት ለአብ» አሉ በሹክሹክታ። ፈንታሁንም ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ።

ዝናቡ ሲያበቃ ፈንታሁን ጠየቀ፦ «ኢንተርኔት ላገናኘው? ሰርቨሩ ላይ ይወጣል።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ አቶ ዋልልኝ።

«ባሕር ማዶ ነው፣ አባቴ።»

«ጥሩነሽ ከጎንደር አልፋ አታውቅም።»

እየሩስ አባቷን አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ፈንታሁን ዞረች። «አታገናኘው። በሚሞሪ ካርድ ገልብጥልን፤ አንዱ አባባ ዘንድ ይሁን፣ አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ ደግሞ ጎንደር ያለችው እህቴ ዘንድ።»

እሱ ሲገለብጥ እሷ የመጨረሻውን መልእክት ከፈተች። የእናቷ ድምፅ ደክሟል፤ ግን ይስቃል።

«ኑ እንጅ፣ ልጅዎን ያናግሩ እንጅ!»

ከሩቅ የወንድ ድምፅ መለሰ፦ «ከብቱን ላስገባ! ቆይ፣ መጣሁ!»

አቶ ዋልልኝ የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ ደነገጡ። መልእክቱ እዚያው ላይ አለቀ። አዛውንቱ ቀስ ብለው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና፣

«መጣሁ፣ ጥሩዬ» አሉ። «ይኸው አጠገቤ ናት። እያናገርኳት ነው።»