ጋሽ አባይነህ ውኃ የቀዱ ጊዜ

ጋሽ አባይነህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሸዋ በር በተባለው የከተማ በር አጠገብ ባለ የቡና መጋዘን ጆንያ ሲሸከሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ስድሳ ኪሎውን ብድግ አድርገው ጫንቃቸው ላይ ሲያሳርፉት ላየ ሰው ጥጥ ያነሡ ይመስለው ነበር። ታዲያ ዕድሜ መጣ፤ “ይበቃዎታል፣ ይረፉ” ተባሉ፤ አረፉ። ማረፍ ግን፣ ልጆቼ፣ ስሙ እንደሚጣፍጠው አይደለም።

ባረፉ በዓመቱ ሚስታቸው ለተማርያም ሞተች። ልጅ አልወለዱም ነበርና ቤቱ ጭር አለ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የሚሰማ የሰው ድምፅ የጎረቤታቸው የበለጡ ብቻ ሆነ። በለጡ እሷም ባሏ የሞተባት በርበሬ ቸርቻሪ ናት። በየማለዳው ከቦኖ አንድ እንስራ ውኃ ቀድታ ታመጣላቸዋለች። “ለለተ ነፍስ ነው” ትላለች፣ ለተማርያምን ስታቆላምጥ። ለሙት ነፍስ የሚደረግን ነገር ማን ያማል? ብቻዋን የምትኖር ሴት ብቻውን የሚኖር ወንድ ቤት በየቀኑ ብትገባ ሰፈሩ ምላሱን በሳለባት ነበር፤ እንስራ አዝላ ስትገባ ግን “ጽድቅ ነው” ብሎ ያልፋታል። ውኃውን ጋኑ ውስጥ ገልብጣ ደፉ ላይ አረፍ ትልና የገበያውን ወሬ ትነግራቸዋለች፤ ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ልጁን ዳረ፣ ድሬ ጠያራ ገጠር ዝናብ ጣለ ወይስ አልጣለም። ጋሽ አባይነህ ያችን ወሬ ቀኑን ሙሉ ያላምጧታል።

በዚህ መካከል እግራቸው ይቀዘቅዝ ጀመር። ጣታቸው ይደነዝዛል፤ ከበርጩማ ሲነሡ ዓይናቸው ይጨልማል፤ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ኮረብታ ሥር ካለው ቤታቸው እስከ መንገዱ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ይቀመጣሉ። ክሊኒክ ሄዱ። ዓለሙ የሚባለው ድሬሰር ክንዳቸውን በደም ግፊት መለኪያው ጠቅልሎ ነፋ፣ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ።

“ጋሼ፣ ቀኑን ምን ሲሠሩ ይውላሉ?”

“ምን እሠራለሁ፤ እቀመጣለሁ።”

“ጉዱ እሱ ነው።”

“ሰው ሲያረጅ ይቀመጣል እንጂ ምን ያድርግ? ልዝለል?”

ዓለሙ ሳቀ። “እኔ እንደሚገባኝ የደም ሥር እንደ ጠፍር ነው። ሲሠራበት ይለሰልሳል፤ ማገር ላይ ተሰቅሎ ሲከርም ይደርቃል። ጡንቻ ሲሠራ ደም ወደ ራሱ ይጠራል፣ ሥሩም ይከፈትለታል። ግፊትዎ ከፍ ብሏልና ጆንያ ያንሡ አልልም። በርጩማው ላይ ቁጭ ብድግ ይበሉ፤ ቀጥሎ ግማሽ ባልዲ፣ ሲለምዱ ሙሉ። እስቲ ያችን ባልዲ አንሥተው ያሳዩኝ።”

ጋሽ አባይነህ ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ትንፋሻቸውን ቋጥረው ብድግ አደረጓት። የሸክም ሙያ እንዲህ ነው፤ ጆንያ ሲያነሣ የተነፈሰ ተሸካሚ መሳቂያ ነው።

“ኧረ በማርያም!” ብሎ ጮኸ ድሬሰሩ። “ትንፋሽ ሲቋጥሩ እኮ ግፊቱ ያሻቅባል! ሲያነሡ ይተንፍሱ፤ እፍፍ እያሉ።”

“ሠላሳ ዓመት የተማርኩትን ባንድ ቀን አስጣልከኝ።”

ቤታቸውን ዘግተው ጀመሩት። በወሩ እግራቸው ሞቅ አለ። ግን ባዶ ቤት ውስጥ ባልዲ አንሥቶ እዚያው መልሶ ማስቀመጥ ሰለቻቸው። ሸክም የሚደርስበት ከሌለው የእብድ ሥራ መሰላቸውና ተዉት። እግራቸው ተመልሶ በረደ። አንድ ማለዳ ደፉ አደናቀፋቸውና ወደቁ። ብብታቸው ሥር ገብታ ያነሣቻቸው በለጡ ናት። እንዲህ ከሄደ ነገ አልጋ ላይ እንደምታጎርሳቸው ታያቸው።

ለዓለሙ ሲነግሩት “ታዲያ ለምን ውኃዎን ራስዎ አይቀዱም?” አላቸው። ለእሱ ቀላል ነገር ነበር። ለጋሽ አባይነህ ግን እግራቸውና የበለጡ የማለዳ ድምፅ ሚዛን ላይ ወጡ። ሳምንት ሙሉ አሰቡት፤ ከዚያ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ቦኖ ወረዱ።

ሴቶቹ ተንጫጩ። “ጋሽ አባይነህ፣ ሚስትነት ጀመሩ?”

“ባል ፈልጉልኝ እንግዲህ!” አሉ እሳቸውም። ሁሉም ሳቀ። በለጡ ብቻ አልሳቀችም።

ያን ዕለት ባዶ እጇን መጥታ ከደጅ ቆመች።

“ምን አጠፋሁ?”

“ምንም አላጠፋሽ።”

“ወይስ ውኃዬ ጎሸብዎ?”

“ኧረ በለጡ! እግሬ ነው። ካልሠራበት ሊከዳኝ ነው።”

“ለእግርዎስ ደስ ይበለኝ። ግን ለለተ የማደርጋትን ያቺን አንዲት ነገር ነው የነጠቁኝ።”

ጋሽ አባይነህ በዕድሜያቸው ሰው ለምነው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ባዶ እጅሽን ብትመጪስ?”

በለጡ መንገዱን ግራ ቀኝ አየች። የማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ ያዳምጥ የነበረ አንድ በር ሲጢጥ ብሎ ተዘጋ።

“ባዶ እጄን ምን ብዬ? ሰውስ ምን ይለኛል?” አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ክረምቱ አለፈ። ጋሽ አባይነህ ሁለት ባልዲ ይዘው ዳገቱን ሳይቀመጡ ይወጡ ጀመር፤ ዓለሙም ግፊቱ ወረደ ብሎ ጨበጣቸው። እግራቸው ዳነ። ቤቱ ግን ጋኑ ውስጥ ውኃ ሲገለበጥ እንኳ ያስተጋባል። ይህንን ለዓለሙ አልነገሩትም፤ በምን መሣሪያ ይለካዋል?

በጥር አንድ ማለዳ ቧንቧው ቀጠነና ወረፋው እስከ ዳገቱ ሥር ተዘረጋ። ሰው ሁሉ ያማርራል። በለጡ ከፊት ናት፤ በእሷና በጋሽ አባይነህ መካከል አምስት ሴቶች አሉ። ዞራ አላየቻቸውም። ግን አጠገቧ ላለችው ለሙሉነሽ የገበያውን ወሬ ትነግራት ጀመር፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ እንደታጨች። ሙሉነሽ ክንዷ ሥር ቆማለች፤ ለእሷ ብቻ ቢሆን ያን ያህል ድምፅ አያስፈልግም ነበር።

ጋሽ አባይነህ ባልዲዎቻቸውን መሬት አስቀምጠው አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ቧንቧው እንዲሁ እንደቀጠነ ቢውል በወደዱ።

እንስራዋ ሞላ። ወሬዋን ከመሃል አቋርጣ፣ እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ወጣች።

“ጋሽ አባይነህ፣ ይጠጉ እንጂ!” አለቻቸው ከኋላ ያለችው ሴት።

ባልዲዎቹን አንሥተው አንድ እርምጃ ተጠጉ።