እግርሽን አውሺኝ

«ብረት ገዢዎቹ ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ይቺን ጉድ ከዓይናችን ያርቁልን» አለች የሟቹ ታላቅ እህት፣ ሻይ እያዞረች። ድምጿን ዝቅ ለማድረግ አልሞከረችም። እንድትሰማት የፈለገችው ሴት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች።

የሟቹ ሚስት ሰምታለች። ብርጭቆውን ተቀብላ፣ ሳትጠጣ ጭኗ ላይ አኖረችው። ከመስኮቱ ውጪ አሮጌዋ መኪና ሸራ ለብሳ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ከግጭቱ በኋላ ጎትተው ካመጧት ወዲህ፣ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሁሉ እንደ ነፍሰ ገዳይ በክፉ ዓይን እያያት ነው ወደ ቤት የሚዘልቀው።

ሟቹ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤቱን ከሞሉት ሰዎች ግማሾቹ እሱ የሰፋላቸውን ልብስ ለብሰው ነው የመጡት፣ ስለዚህ ሚስትየው ወደ የትም ብትዞር የእጁን ሥራ ታያለች። ጥግ ላይ የተቀመጠው ጎረቤት ለጎኑ ሰው ያንሾካሹካል። ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው።

«ፍሬኗ እኮ ዱሮም ሰነፍ ነበር። አንዴ ቁልቁለቱን አብሬው ወረድኩ። ረገጠ፣ የለም። ደግሞ ረገጠ፣ የለም። በስንት መከራ ያዘች። እኔ ነፍሴ ልትወጣ ደርሳለች፣ እሱ ‹አይዞህ፣ እሷ ስትለመን ነው የምትሰማው› አይለኝም መሰለህ?»

ጎኑ ያለው ሰው ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ከዚያ ሁለቱም ደንግጠው ወደ ሚስቱ ዞሩ። እሷ ግን አልተቀየመችም። ቀልዱ የባሏ ነው፣ ድምፁን የሰማች ያህል ሆነባት።

ይህን የመሰለ ተጫዋች ሰው ከሚስቱ ጋር ሲሆን ምላሱ ይተሳሰር ነበር ቢባል ማን ያምናል? አንድ ልጃቸውን ድክ ድክ ማለት እንደ ጀመረች ትኩሳት ነጠቃቸው። ሚስትየው መዋዕለ ሕፃናት ታስተምር ነበር። ከዚያ በኋላ የሕፃን ድምፅ መስማት አልቻለችምና ሥራዋን ተወች፣ መጋረጃውን ዘግታ ተኛች። እሱ ሾርባ ያመጣል፣ ሾርባው ሳይነካ ይመለሳል። የሚናገረው ነገር ጠፍቶት አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀምጦ ይወጣል።

አንድ እሑድ፣ እጁ በጥቁር ዘይት ተለውሶ፣ በሩ ላይ ቆመ።

«እግርሽን አውሺኝ» አላት።

«ምኔን?»

«እግርሽን። ፍሬኗ አየር ስቧል። እኔ ከሥር ብሎኑን ስፈታ ከላይ ሆኖ የሚረግጥልኝ ሰው ያስፈልጋል። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

በሌሊት ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ ወጣች። እሷ መሪው ፊት ተቀመጠች፣ እሱ ከኋላው ጎማ አጠገብ ገብቶ ተጋደመ። ኋላን በሚያሳየው የጎን መስታወት የጫማዎቹ ጫፍ ብቻ ይታያታል።

«ርገጪ» አላት። ረገጠች።

«ያዢ።»

«ይዣለሁ።»

ብሎኑን ሲፈታው አረፋ የቀላቀለ ዘይት በቀጭኑ ቱቦ ወደ ጠርሙሱ ወረደ። መልሶ አጠበቀውና «ልቀቂ» አለ። ሥራው ይኸው ነው። እሱ ልቀቂ ሳይል እግሯን ካነሳች አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ልፋቱንም ውኃ በላው ማለት ነው።

ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ዞሮ እንደገና ሲጋደም፣ ከመኪናው ሥር፣ «የልጄ ቀሚስ ጨርቅ ቁራጭ ከስፌት ቤቴ መሳቢያ ወጣ» አለ። «ምን እንደማደርገው ጨነቀኝ። ሰው ሲገባ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።»

እግሯ ፍሬኑ ላይ እንዳለ እንባዋ ወረደ። ከሥርም ትንፋሹ ተቆራረጠ። አብረው ሲያለቅሱ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ፊት ለፊት አልወጣ ያለው ቃል ከመኪና ሥር ወጣለት።

ፍሬኑ ግን አልዳነም። እሑድ አየሩን ያወጣሉ፣ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ይላላል። «አሮጊቷ እግርሽ ናፍቋታል» እያለ ይቀሰቅሳታል። ቀስ በቀስ በሌሊት ልብስ መውጣቷን ተወች። ከዚያ ከላይ ሆና መልስ መስጠት፣ ቆይታም መሳቅ ጀመረች። ይኸው ዘንድሮ ወደ ሕፃናቱ ተመለሰች።

የባሏ እህት የሻዩን ትሪ አስቀምጣ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ስንቴ ሽጣት አልኩት» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «‹ሚስቴ ትወዳታለች፣ አትሸጥም ትላለች› አለኝ። በይ እንግዲህ፣ ደስ ይበልሽ።»

«እኔ? እኔማ ሽጣት እያልኩ ነው የኖርኩት፣ እትዬ። ‹እህቴ ታዝንብኛለች፣ የአባታችን ናት› ነበር የሚለኝ።»

«የአባታችን? አባታችን ብስክሌት እንኳ ኖሮት አያውቅም።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። በለቅሶው ቀናት ሁሉ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ገና አሁን ነው።

ሚስትየው ግን የዋጠችው ነገር አለ፣ ለማንም አልተነፈሰችውም። ባለፈው እሑድ ባሏ እንደ ልማዱ ሲቀሰቅሳት፣ «ዛሬስ ደክሞኛል፣ ለሳምንት ይሁን» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ይሁን፣ አትነሺ። አሮጊቷም ትረፍ» አለና ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ሳበላት። ሳምንቱ ሳያልቅ የወፍጮ ቤቱ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከዳው። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሰው ነበር፣ መሪውን ወደ ድንጋዩ አጥር ጠመዘዘ። ሰዉ መኪናዋ ገደለችው ይላል። እሷ ግን ያን ዕለት ከብርድ ልብሱ ያልወጣ እግሯ እንደ ገደለው ታውቃለች። ሰው «እግዜር ያጽናሽ» ባላት ቁጥር የማይገባትን የምትቀበል ሌባ የሆነች ይመስላታል።

ከሰዓት በኋላ መካኒኩ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ብብቱ ሥር ካርቶን ይዟል።

«እህቴ፣ አንዴ ውጪልኝ» አላት። ወጣች። ካርቶኑን አቀበላት። ያልተከፈተ ነው፣ ከትንሽነቱ ይልቅ ክብደቱ አስገረማት።

«የሱ ነው። የፍሬኑ ዋና ፓምፕ፣ አዲስ። ካስመጣሁለት ቆየ። የድሮው አርጅቶ ነው አየር የሚስበው፣ ይሄ ቢገባላት ኖሮ በቃ፣ ያ ሁሉ ልፋት የለም። ልግጠምልህ ስለው ዛሬ ነገ ይለኛል። አንድ ቀን ተናድጄ፣ ሞት አማረህ እንዴ አልኩት።» ቃሉ ካመለጠው በኋላ አቀረቀረ።

«እሱስ ምን አለ?»

«‹መኪናዋ ከዳነች ሚስቴ እሑድ እሑድ ለምን ትወጣለች?› አለኝ። ‹እሷ ትዳን፣ መኪናዋ ትደርሳለች።›»

መካኒኩ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው።

«በቀደም ደግሞ ጋራዤ መጣ፣ ደስ ብሎታል። ‹ሚስቴ አሁንማ ደህና ናት፣ እሑድም እንቅልፍ ጀምራለች፣ በል ያንን ዕቃ አዘጋጅልኝ› አለኝ። በማግስቱ እጠብቀዋለሁ፣ እጠብቀዋለሁ... ቁልቁለቱን ሲወርድ ወደኔ ነበር የሚመጣው።»

ካርቶኑን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆመች። ባሏን ልትቆጣው ፈለገች። አንተ ሞኝ፣ ዝም ብለህ ብትጠራኝስ አልመጣም ነበር? ልትለው ፈለገች። ግን ያኔ እንደማትመጣ ታውቃለች። እሱም አውቋል።

ወደ ቤት አልተመለሰችም። ሸራውን ገለጥ አድርጋ የሹፌሩን በር ሳበች። ተንሲያጥጦ ተከፈተ፣ ገብታ መሪው ፊት ተቀመጠች። የፊት መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፣ የጎኑ ግን ደህና ነው። ካርቶኑን አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ አኑራ ጫማዋን አወለቀችና ረገጠች። ዘይቱ ፈስሶ አልቋል፣ ፍሬኑ ምንም ሳይታገላት እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ። እዚያው ተጭና ያዘችው።

የባሏ እህት በመስኮቱ አይታ ኖሮ መጣች። ለመቆጣት ነበር የመጣችው፣ የሚስትየውን ባዶ እግር ፍሬኑ ላይ ተተክሎ ስታይ ግን ነገሩ ባይገባትም ቁጣዋ ጠፋ። በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ብረት ገዢዎቹን ተዉት እላቸዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «በይ ነይ ግቢ። ሰው እየጠየቀሽ ነው።»

ሚስትየው ፍሬኑን ይበልጥ ተጫነችው።

«እግርሽ ዛለ እኮ፣ የኔ እናት። አንሺው።»

ሚስትየው በጎን መስታወቱ አየች፣ የጫማዎቹ ጫፍ ይታይበት ወደነበረው ቦታ። ግቢው ባዶ ነው።

«ይዣለሁ» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። እግሯን አላነሳችም።