የእሜቴ ሹራብ

«አጥቤ ጨረስኩልሽ» አለች የባሏ እህት፣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ለቀስተኛ እየገባ እየወጣ የወንድሜ ልብስ በየወንበሩ ተንጠልጥሎ ሳየው አላስችል አለኝ።»

ሚስትየዋ በመስኮቱ ተመለከተች። የባሏ ልብስ በሙሉ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ውሃ ያንጠባጥባል። ከቀብሩ ወዲህ አንዱን ሸሚዝ ትራሷ ላይ አድርጋ ነበር የምትተኛው፤ የላቡ፣ የመጋዝ ብናኝና የኮላ ሽታ ነበረበት። አሁን ሁሉም ሳሙና ሳሙና ይላል። ምን ትበል? ሴትዮዋ ለደግ ብላ ነው።

«እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ» አለቻት። በልቧ ግን ያ እጅ በተሰበረ ብላ ተመኘች።

ያልታጠበ አንድ ልብስ ቀርቷል፤ ባለቁልፉ ቡናማ ሹራብ። እሱም ላይ ውሻዋ ተኝታለች።

ባልየው አናጺ ነበር። ውሻዋን ገና ቡችላ ሳለች ከእንጨት መሥሪያው የብናኝ ክምር ውስጥ አግኝቶ በኮቱ ኪስ ይዟት መጣ፤ ስሟንም «እሜቴ» አላት። ከዚያ በኋላ ውሻዋ እሜቴ፣ ሚስቱ «አንቺ» ሆነው ቀሩ። «አንቺ፣ እራት አልደረሰም?» ይልና ዞር ብሎ፣ «እሜቴ፣ ደከመሽ እንዴ?» ይላል። ሲመሽ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያንሾካሹክላታል፤ ሚስቱ ሻይ ይዛ ስትወጣ ዝም ይላል። ለውሻ ቀናሁ ተብሎ ለማን ይነገራል? ቀንታ ነበር ግን፣ አንጀቷ እስኪያር። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ መጨረሻ ላይ የጠየቃት «በላች?» ብሎ ነው። አንቺስ በላሽ ወይ አላላትም።

ጠዋት የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ እሜቴን መርምራት ነበር።

«ኩላሊቷ ከድቷታል፣ እናቴ። ከዚህ በላይ ማቆየት ማሠቃየት ነው። ከሰዓት መድኃኒቱን ይዤ እመለሳለሁ፤ እዚሁ ቤቷ፣ ሳትሰቃይ ታንቀላፋለች። ነፍሷ ስትወጣ ሽንቷ ስለሚያመልጣት የማይፈልጉትን ጨርቅ ያንጥፉላት።»

የማይፈልጉትን! ሚስትየዋ ሹራቡን ከውሻዋ ሥር ጎትታ አወጣችና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። በምትኩ ንጹሕ ብርድ ልብስ አጥፋ አነጠፈችላት።

እሜቴ ብርድ ልብሱን አሸተተችው። አልተኛችበትም። እየተንገዳገደች ሄዳ ቁም ሣጥኑ ሥር ወደቀችና ማልቀስ ጀመረች።

«ምስኪን! ሐዘኑ ነው የጎዳት» አለች አንዷ ለቀስተኛ።

«ከሰው ትበልጣለች እኮ» አለች ሌላዋ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ሚስትየዋን ያየ የለም። የገዛ ለቅሶዋን እንኳ ውሻዋ ቀማቻት።

ከባሏ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ የኖረው አናጺ አጠገቧ ተቀምጧል። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው።

«እውነቱን ንገረኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ነበር የሚያወራላት?»

«ለእሜቴ?» አሰብ አደረገ። «ስለ እንጨት ነዋ። ይሄ ይሰነጠቃል፣ ያኛው ገና አልደረቀም... ሌላ ምን ያውቃል ብለሽ?»

ሳቅ አመለጣት፤ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ያን ሁሉ ዓመት የቀናችው በእንጨት ወሬ ኖሯል! ቢሆንም ያንንም ለእሷ አልነገራትም።

የእሷ ብቻ የሆነ አንድ ነገር ነበረ። የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች መጋዝ ስለበላበት፣ ጠዋት ጠዋት ሹራቡን የምትቆልፍለት እሷ ነበረች፤ ከታች ወደ ላይ። የአንገቱ ቁልፍ ላይ ስትደርስ «እሱን ተይው» ይላል። «ብርድ ነው» ትለውና በግድ ትቆልፈዋለች። እሱም ከግቢው በር እንደወጣ ይፈታዋል።

ሐኪሟ ቦርሳዋን ይዛ ገባች። እሜቴ አሁንም ቁም ሣጥኑ ሥር ተኝታ፣ አፍንጫዋን በበሩ ስንጥቅ ሰክታ ትንቀጠቀጣለች። የምትፈልገው አንድ ሽታ ነው። ሚስትየዋ ያንን ሽታ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

«እንጀምር፣ እናቴ?»

«ቆይ፣ ልጄ።»

ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ሹራቡን አውጥታ ፊቷን ቀበረችበትና ትንፋሿን እስከምትችለው ድረስ ሳበች። ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እሜቴን አለበሰቻት። መንቀጥቀጡ ቆመ።

«ብርድ ነው፣ እሜቴ» አለቻት። በዚህ ስም ስትጠራት የመጀመሪያዋ ነው።

ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈች። የአንገቱ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ያንን ተወችው።