የውስጡ ጫማ የት ያድራል?

ጓ... ጠፍ። ጓ... ጠፍ።

ጀርባዬን ለደረጃው ሰጥቼ ነበር፤ ግን ማን እየወረደ እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለገኝም። ወደ ምድር ቤቱ ሱቃችን እንዲህ እያነከሰ የሚወርድ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ «ስምንት» የምንለው የተራራ መንገድ መሪ። ሁለት የእግር ጣቶቹን ውርጭ ወስዶበታል። ቅጽል ስሙ የቀሩት ጣቶች ቁጥር ነው።

ደግሞስ መዞር ብፈልግ መች እችላለሁ? መሰላል ላይ ነኝ። እግሬ ላይ ለኪራይ የተቀመጠ ድርብ ቡትስ፣ እጄ ላይ መጥረጊያ። መጥረጊያው ባንዲራ ነው። ከደቂቃ በፊት የዓለምን ጫፍ ረግጬ፣ ለተሰበሰበው ጋዜጠኛ ሁሉ እጄን እያወዛወዝኩ ነበር። አሁን መሰላሉን ሙጭጭ ብዬ ይዤ እንዴት እንደምወርድ አስባለሁ። ከፍታ ያዞረኛል።

«በረዶው እንዴት ነው ጀግናው?» አለኝ አጎቴ ከጠረጴዛው ኋላ።

ሱቁ የእሱ ነው፤ የተራራ መውጫ ዕቃ እናከራያለን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚህ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ሥራዬ ቡትስ ማጽዳት ነው። ድርብ ቡትስ ማለት ጫማ ውስጥ ያለ ጫማ ነው፤ ከውጭ እንደ ድንጋይ የጠነከረ የፕላስቲክ ቅርፊት፣ ከውስጥ ተስቦ የሚወጣ ወፍራም ለስላሳ ጫማ። ደንበኛ ሲመልስ ሁለቱን አላቅቄ፣ የውስጡን በጋዜጣ ጠቅጥቄ አሰጣዋለሁ። ተራራ የሚወጡ ሰዎችን ላብ እንደኔ በቅርብ የሚያውቅ የለም። ተራራውን ግን የማውቀው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ፖስተር ነው።

ለስምንት ያልኩት ግን ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት ዕቃ ተሸካሚው ጉልበቱን ታሞበት፣ «በእሱ ቦታ የሚሄድ፣ ከዚህ በፊት ተራራ የወጣ ሰው ታውቃለህ?» ሲለኝ፣ አፌ እኔን ሳያማክር «እኔ! ሁለቴ ወጥቻለሁ» አለ። ሁለቴ! አንዴ ቢል ምን ነበረበት? ነገ ጠዋት ይነሳሉ። መሄድ አለመሄዴን ዛሬ ይነግረኛል፤ እኔ ደግሞ በሕይወቴ እንደዚህ የፈለግኩት ነገር የለም።

እንደምንም ወረድኩ። እግሬ በዚያ ለበረዶ በተሠራ ጫማ ውስጥ ተቀቅሏል።

«እየተለማመድክ ነው?» አለ ስምንት፣ የራሱን ቡትስ ከትከሻው አውርዶ አግዳሚው ላይ እየተቀመጠ።

«አዎ ጋሼ። እግሬ እንዳይረሳ ብዬ።»

አጎቴን ሳል ያዘው።

«ጥሩ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ላይ ድንኳን ውስጥ ስታድር፣ የውስጡን ጫማ የት ታደርገዋለህ?»

ይሄማ ቀላል ነው! ሦስት ዓመት ሙሉ ያሸተትኩት ነገር። «ውጭ ነዋ ጋሼ፣ በሩ ላይ። ሽታው መች ያስተኛል!»

አጎቴ እንኳ ሳሉን ተወው።

ስምንት ጎንበስ ብሎ የግራ እግሩን ጫማና ካልሲ አወለቀ። ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ የሉም፤ ቦታቸው እንደ ተለሰነ ግድግዳ ለስላሳ ነው።

«እኔም በአንተ ዕድሜ በሩ ላይ ነበር የተውኩት» አለ። «ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። እግሬን ጠቅጥቄ ወጣሁበት፤ የሆነውን ታያለህ። የውስጡ ጫማ አብሮህ ነው የሚተኛው። መኝታ ከረጢትህ ውስጥ፣ ሆድህ ላይ። ቢሸትም። አንዴ የወጣ ሰው ይሄን አይስትም።»

ፊቴ ከእግሬ ብሶ ጋለ።

«አልወጣሁም ጋሼ» አልኩ። «አንዴም። ከመሰላሉ ሦስተኛ እርከን በላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«አራተኛው ላይ ያለቅሳል» አለ አጎቴ።

ስምንት አልሳቀም። ጫማውን አስሮ ተነሳና እግሬን አየ።

«አውልቅ» አለኝ።

የስንቱን ደንበኛ ጫማ ስፈታ የኖርኩ ሰውዬ፣ የራሴ ቋጠሮ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ አወለቅኩና በካልሲ ቆምኩ። ስምንት ቡትሶቹን ተቀበለኝ። የውስጦቹን ጎትቶ አወጣቸው፤ አሸተታቸው፤ ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ «ዛሬ አብረውህ ይደሩ» ብሎ ሁለቱንም ሆዴ ላይ ወረወረልኝ። ባዶዎቹን ቅርፊቶች ከራሱ ቡትስ ጋር አቋጥሮ ትከሻው ላይ ጣለ።

«ጋሼ፣ ታዲያ እኔ...» አልኩ፣ ትኩሶቹን ጫማዎች እንደ ድመት ታቅፌ።

ዞር አላለም። ጓ... ጠፍ፣ ጓ... ጠፍ እያለ ደረጃውን ወጥቶ ሄደ።