ምንም የማይሆንበት መጽሐፍ

የጥርስ ሐኪሟ የጃፓኑን ልብ ወለድ አንብባ እንደጨረሰች ግድግዳው ላይ ወረወረችው። መጽሐፉ የባሏን ኮት ከመስቀያው ጥሎ ሶፋው ላይ ተዘረጋ። ካልሲ የሚያጥፉት አማቷ ደንግጠው ቀና አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አደረገሽ?»

«ምንም! ያናደደኝም እሱ ነው እማዬ። ሚስቱ ‹ሳሙና ልግዛ› ብላ ወጥታ በዚያው ትቀራለች። ባልየው ምን የሚያደርግ ይመስልዎታል?»

«ለፖሊስ ያመለክታላ!»

«መስኮት ይወለውላል።»

«ዘመድ አዝማድ አይጠራም?»

«ሻይ አፍልቶ ዝናብ ያያል። ሲያባራ ደግሞ መስኮቱን ይወለውላል። እኔም እንደ ሞኝ እስከ መጨረሻው አብሬው ስወለውል ከረምኩ!»

አማቷ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ጨዋታ ከመሀል እየተቆረጠባቸው ስለኖሩ፣ መጨረሻው ያልታወቀ ወሬ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ካልሲውን ወዲያ ብለው መጽሐፉን አነሱ። «ይቺን ሴት እኔው ፈልጌ አገኛታለሁ» አሉና መነጽራቸውን ሰኩ።

ሐኪሟ ግን በማግስቱ ሥራ ገብታም ንዴቷ አልበረደም። ወንበሩ ላይ የተንጋለለው ታካሚ ድዱ በማደንዘዣ እስኪደነዝዝ ድረስ ታሪኩን ታጫውተው ጀመር።

«እንዲህ ሆኖ እንዲህ ሆኖ፣ አንድ ቀን ብርቱካን ይልጣል። ግማሹን ይበላና ግማሹን ከፊት ለፊቱ፣ ባዶው ወንበር ዘንድ ያስቀምጣል። ስለ ሚስቱ አንዲት ቃል አይተነፍስም እኮ! ብርቱካኑን ብቻ…»

አፍና አፍንጫዋን የሸፈነው ጭንብል በእንባ ራሰ። ታካሚው አፉን እንደከፈተ ዓይኑ ፈጠጠ። ጥርሱን የሚያየው ሐኪም ሲያለቅስ ያየ ሰው ስለ ጥርሱ ምን ተስፋ ይኖረዋል?

«እእእ?» አለ።

«አይዞህ፣ ያንተስ በቀላሉ ይሞላል» አለችው እየተንሰቀሰቀች።

«እእእእ!» እያለ በሁለት እጁ የሴት ቅርጽ በአየር ላይ ሣለ። ለካስ የጨነቀው ስለ ሚስትየዋ ኖሯል!

«አትመለስም» አለችው። ሰውየው በሙሉ ጉሮሮው አጉረመረመ። እሷም እያለቀሰች ሳቋ አመለጣት፤ ረዳቷ መሣሪያውን አስቀምጣ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት አልሆነም። አማቷ መጽሐፉን ጨርሰው፣ ሴትዮዋን ሳያገኟት፣ በሴትዮዋ ፋንታ ሌሎች የጃፓን መጻሕፍት ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት እየተሸከሙ መምጣት ያዙ። ሐኪሟ እየተራገመች ታነባለች፤ አማቷ እያነበቡ ይሟገቷታል። ሶፋ ሠሪው ባሏ መሀል ገብቶ «ካልወደድሽው ለምን ታነቢዋለሽ?» ቢላት ሁለቱም ተባብረው ዞሩበት። «አንተ ምን ይገባሃል!» አሉት ባንድ አፍ።

አንድ ቀን ሁለቱ መጻሕፍት ሊመልሱ ሄደው የመዝገቡ ጠረጴዛ ፊት ሲጨቃጨቁ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሰማቻቸው። ዝም የምታሰኛቸው መስሏቸው አፈሩ። እሷ ግን እየሳቀች «ይኸን ጭቅጭቅ ሰው ፊት ብታደርጉልኝስ? እርስዎ ደጋፊ፣ እሷ ተቃዋሚ» አለቻቸው።

ቀኑ ደርሶ አዳራሹ ከሥራ በተመለሰ ሰው ሞላ። ሐኪሟ ቀድማ ተነሣች።

«እነዚህ መጻሕፍት ልብ ያደርቃሉ!» ብላ ጀመረች። «ሴቶቹ ወይ ይጠፋሉ፣ ወይ ይሞታሉ፣ ወይ ወንድ ቁጭ ብሎ እንዲያስብባቸው እንቆቅልሽ ይሆናሉ። ለምን እንደሄደች አንዷ እንኳ ራሷ እንድትናገር አይፈቀድላትም። ደግሞ ጭካኔውን የሚያወሩት ‹ነገ ደመናማ ነው› በሚል ድምፅ ነው!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ልቧ ሞቅ አለና ማስረጃ ልጨምር አለች።

«አሁን ለምሳሌ በአንደኛው መጽሐፍ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ሊፍት የምታንቀሳቅስ ልጅ አለች። ሕንፃው ሊፈርስ ነው፤ ሰው ሁሉ ወጥቷል። እሷ ግን ነጭ ጓንቷን አድርጋ ባዶውን ሊፍት ይዛ ትወጣለች። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ በሩን ትከፍትና ‹የሕፃናት ልብስ፣ መጫወቻ› ትላለች፤ እጅ ነሥታ ትዘጋለች። ‹የቤት ዕቃ፣ መጋረጃ›… እጅ ትነሣለች…»

ድምጿ ሳታውቀው ዝቅ አለ። ሰውነቷም ጎንበስ ይል ጀመር። ከላይኛው ፎቅ ስትደርስ ልጅቱ በሩን ከፈተች፤ ከውጭ የገባ ነፋስ ወለሉ ላይ የወደቀ የዋጋ ወረቀት ያንከባልላል። ልጅቱ ለወረቀቱም እጅ ነሣች።

«ከዚያስ?» አለ አንዱ ከኋላ፣ መታገሥ አቅቶት።

«ከዚያማ…» አለች ሐኪሟ፣ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች፤ «ወረደች።»

ከዚያ መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። የመከራከር ተራቸው የደረሰው አማቷ ብድግ አሉ።

«እኔ ምን ቀረኝ? ምራቴ የእሷንም የእኔንም ተናግራ ጨረሰችው!» ብለው ቁጭ።

ሰዉ ወደ መደርደሪያው ተግተለተለ። የጃፓኑ ረድፍ እንደ ሕፃን ድድ ባዶውን ቀረ። የተረፈች አንዲት ስስ መጽሐፍ ነበረች፤ እሷንም አማቷ ግርግሩን ተገን አድርገው አስመዝግበው ቦርሳቸው ከተው ነበር።

«ያሳዩኝ እስቲ፣ ስለ ምንድን ነው?» አለች ሐኪሟ ደጃፉ ላይ።

«አንቺ ምን ቤት ነሽ? ተቃዋሚ አይደለሽም?»

«ልቃወም እኮ ነው! ሳላነብ በምን አፌ እቃወማለሁ?»

እጇን ወደ ቦርሳው ብትሰድ አማቷ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ሩጫ ጀመሩ። ጉልበቴን ነው፣ ወገቤን ነው ሲሉ የኖሩት ሴትዮ በእግረኛው መንገድ ላይ ሰው እየሰነጠቁ ከነፉ። ሐኪሟ ጫማዋን አውልቃ ባንድ እጇ ይዛ «እማዬ፣ ይወድቃሉ! ኧረ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ!» እያለች ሳቅ እያነቃት ተከተለቻቸው።